አሮጌዋ ዲቲ ስትንኳኳ ምን እያለች ነው?

የዛሬው ደብዳቤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። «ሞተር ሳይክል የለኝም፣ ምን አገባኝ» የምትሉ ካላችሁም ገጹን ቶሎ አትግለጡት። ነገሩ የብረት ብቻ ሳይሆን የኪስም፣ የመተማመንም ጉዳይ ነው። ጠያቂያችን እንዲህ ይላል፦

«ዕድሜዬ 24 ነው። የምተዳደረው ዕቃ በማድረስ ሥራ ነው። ዓረብ አገር ያለችው ታላቅ እኅቴ በላከችልኝ ገንዘብ ላይ የዕቁቤን ጨምሬ አንዲት አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ገዛሁ። ጠዋት ጠዋት ሳስነሳት ከላይ በኩል ‹ቀጭ ቀጭ ቀጭ› ትላለች። አሥር ደቂቃ ያህል ከነዳኋት በኋላ ድምፁ ይቀንሳል። ጉልበቷ ደህና ነው፤ ጭስ ግን አላት። የሰፈራችን መካኒክ አንድ ጊዜ አስነስቶ ሰማትና ‹ይሄ ሞተር አልቆለታል፤ ሙሉ ለሙሉ መውረድ አለበት። ክራንኩም ኩሽኔታውም ፒስተኑም ይቀየራል፣ ቫልቩም ይስተካከላል› አለኝ። የጠየቀኝ ገንዘብ የገዛሁባትን ግማሽ ይሆናል። እኅቴን ድጋሚ ላኪልኝ ከምላት ሞተሯን ሸጬ በእግሬ ብሄድ ይሻለኛል። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ጭንቀትህ ገብቶኛል። የእኅት ገንዘብ ከባድ ነው፤ የራስ ገንዘብ ቢጠፋ ይረሳል፣ የእሷ ግን አይረሳም። እንግዲህ ሞተሯን ከመሸጥህም ከማስወረድህም በፊት ከእኔ ጋር ቁጭ በልና እናዳምጣት።

ሲጀመር አንድ ነገር ልንገርህ። ዲቲህ የሚስተካከል ቫልቭ የላትም! ሁለት ምት የሚባለው የሞተር ዓይነት ቤንዚኑን የሚያስገባውና ጭሱን የሚያስወጣው በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ባሉ መስኮቶች ነው። መስኮቶቹን የሚዘጋቸውም የሚከፍታቸውም ራሱ ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ ነው። በካርቡራተሩና በሲሊንደሩ መካከል እንደ ቅጠል የምትርገበገብ ስስ ምላስ ብትኖርም እሷ ከተሰነጠቀች ትቀየራለች እንጂ አትስተካከልም። ስለዚህ መካኒክህ «ቫልቩ ይስተካከላል» ሲል ወይ ከሌላ ሞተር ጋር አምታቷል፣ ወይ ደግሞ የሒሳቡን ዝርዝር እያስረዘመ ነው። ሰውየው ክፉ ነው አላልኩም። ብዙ መካኒኮቻችን እጃቸውን የፈቱት በአራት ምት ሞተር ላይ ስለሆነ ሁሉንም በዚያው ጆሮ ይሰሙታል።

የጭሱም ጉዳይ እንደዚያው ነው። መኪና ሰማያዊ ጭስ ካጨሰች «ዘይት ትበላለች» ብለን እንደነግጣለን። ሁለት ምት ሞተር ግን ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ እንዲያቃጥል ሆኖ የተሠራ ነው። ጠዋት ላይ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ የጤና ምልክት ነው። የሚያሳስበው ጭሱ እንደ ደመና ሆኖ አልቆም ሲልና የካምቢዮው ዘይት ሳይፈስ እየጎደለ ሲሄድ ነው። ያኔ በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው የክራንክ ዘይት ማገጃ ጎማ ተበልቶ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት እየጠጣ ነው ማለት ነው። በማግኔቱ በኩል ያለው ጎማ ከተበላ ደግሞ በተቃራኒው አየር ይስባል። ሞተሩ ነዳጅ ስትለቅለት እንኳ ቶሎ ወደ ሚኒሞ አይመለስም፣ ይጮኻል፣ ይግላል።

አሁን ወደ ድምፁ። አንዲት ነገር በቃልህ ያዝልኝ፤ የሞተር ድምፅ ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል። መቼ ይሰማል? ከየት ይሰማል? ምን ስታደርግ ይጠፋል? እነዚህን ሦስቱን ሳይጠይቅ «አልቆለታል» የሚል ሰው፣ በሽተኛውን ሳይነካ መድኃኒት እንደሚያዝ ሐኪም ነው።

ለማዳመጥ ውድ መሣሪያ አያሻህም። የእንጨት እጀታ ያለው ረዘም ያለ ካቻቢቴ ይበቃሃል። ጫፉን ሲሊንደሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮህ ሥር አድርግ። ከዚያ ጫፉን ወደ ታች ወደ ክራንኩ ቤት፣ ቀጥሎም ወደ ፍሪሲዮኑ ሽፋን እያዛወርህ ስማ። ድምፁ ጎልቶ የሚመጣበት ቦታ የበሽታው ቦታ ነው። ጸጉርህንና ሻርፕህን ግን ከካቴናው አርቅ፣ ማርሚታውንም እንዳትነካ፤ ያቃጥላል።

አንደኛው ድምፅ የአንተ ድምፅ ነው። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ከላይ ከሲሊንደሩ ይሰማል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። ይህ በአብዛኛው የፒስተን ምት ነው። ፒስተኑ አሉሚኒየም ነው፤ የሚንሸራተትበት የሲሊንደር ግድግዳ ደግሞ ብረት። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረቱ እጥፍ ያህል ይሰፋል። ስለዚህ ጠዋት ክፍተቱ ሰፊ ነውና ፒስተኑ ግድግዳውን በጥፊ ይመታል፤ ሲሞቅ ሰፍቶ ክፍተቱን ስለሚሞላው ዝም ይላል። ይህ ሲሊንደሩና ፒስተኑ ማርጀታቸውን ይነግርሃል እንጂ ክራንኩ ሞተ አይልህም። ነገ ጠዋት የሚያቆምህ በሽታ አይደለም። ለዓመታት ችላ ከተባለ ግን የፒስተኑ ቀሚስ ተሰንጥቆ ቁራጩ ወደ ክራንኩ ይወርዳል፤ ያኔ ትንሹ ወጪ ትልቅ ይሆናል።

ሁለተኛው ቀጠን ያለ፣ እንደ ሳንቲም የሚንጫረር ድምፅ ነው። ሞተሩ ከሞቀም በኋላ አይለቅም፤ በተለይ በመካከለኛ ፍጥነት ያለ ጭነት ስትነዳ ይሰማል። ይህ ፒስተኑን ከቢየላው ጋር የምታያይዘው ስፒኖቶ ወይም በውስጧ ያለችው የመርፌ ኩሽኔታ ናት። ዋጋዋ ከሁሉ ያነሰ ነው። ሲሊንደሩ ከተነሣ አይቀር አብራ ብትቀየር ይመረጣል።

ሦስተኛው የሚያስፈራው ነው። ከታች፣ ከሆድ የሚመጣ፣ እንደ በር የሚያንኳኳ «ዱክ ዱክ ዱክ»። ዳገት ላይ ጭነት ሲበዛባት ይብሳል፣ ፍጥነት ስትጨምር አብሮ ይፈጥናል፣ ሙቀትም አያስታግሰውም። ይህ የቢየላው የታችኛው ኩሽኔታ ነው። ይህን ድምፅ ከሰማህ፣ ወንድሜ፣ ቤት ድረስ እንኳ አትንዳት፤ ገፍተህ ውሰዳት። ቢየላው ከተበጠሰ የክራንኩን ቤት በስቶ ነው የሚወጣው፤ መንገድ ላይ ድንገት ጎማውን ይዞ ሊጥልህም ይችላል።

አራተኛው እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም ድምፅ ነው። ከፍጥነቱ ጋር እያደገ ሄዶ በእግር መርገጫው በኩል እግርህን ይነዝርሃል። የክራንኩ ዋና ኩሽኔታዎች ናቸው። በግራ በኩል የማግኔቱን ሽፋን ፈትተህ መዘውሩን በእጅህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅነቅ አድርገው። የሚሰማህ ልቅነት ካለ መልሱ ያ ነው።

አሁን ደግሞ ሰውን የሚያታልሉት። ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚበላው በእነዚህ ነው።

ማርሹን ፍሪ አድርገህ በሚኒሞ ቆመህ ሳለ ከቀኝ በኩል የሚንገጫገጭ ድምፅ ካለ ፍሪሲዮኑን ያዘው። ድምፁ ወዲያው ከጠፋ ወይም ከተለወጠ ነገሩ የፍሪሲዮኑ ቤት ወይም የካምቢዮው ነው፤ ክራንኩን አትንካ። ከማርሚታው መግቢያ «ጭ ጭ ጭ» የሚልና ዙሪያውን በጥቁር ቅባት ያበላሸ ካለ የጓርኒሲዮን ጉዳይ ነው። ሞተሩን አጥፍተህ ቁልቁለት ስትንሸራተትም የማይጠፋ ድምፅ የካቴና ወይም የጎማ ኩሽኔታ ነው እንጂ የሞተር ሊሆን አይችልም።

ደግሞ አንዲት ብዙ ሰው የማያውቃት አለች። በአየር የምትቀዘቅዘው ዲቲ ሲሊንደሯ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ስስ ብረቶች አሏት። በመካከላቸው ትንንሽ ጎማዎች ተሰክተዋል፤ ሥራቸው ብረቶቹ እንደ ደወል እንዳይጮኹ ማፈን ነው። ሞተሯ ስታረጅ ጎማዎቹ ይደርቃሉ፣ ይወድቃሉ። ያኔ ጤነኛው ፒስተን እንኳ እንደ ታመመ ሆኖ ይሰማል። ብረቶቹን በወፍራም ጎማ ወይም በእንጨት ጫን ብለህ ያዝ። ድምፁ ከታፈነ ግማሹ ጩኸት ከዚያ የመጣ ነው።

አንዱን ግን ከሌሎቹ ለይተህ እወቀው። የእንጦጦን ዳገት ስትወጣ በቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚናወጥ ያለ ድምፅ ከሰማህ ያረጀ ዕቃ አይደለም፤ ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ እየፈነዳ ነው። ምክንያቱ ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ፣ የተዛባ እሳት ወይም መጥፎ ነዳጅ ነው። ያለፈውን ድካም ሳይሆን የሚመጣውን ጥፋት የሚነግር ድምፅ ነው፤ ቶሎ ካልተስተካከለ ፒስተኑን ይበሳዋል። ካንዴላውን ፈትተህ እየው። ቡና ዓይነት ቀለም ካለው ሰላም ነው። ጥቁርና ቅባታማ ከሆነ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቷል። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሷል። በነጩ ሸክላ ላይ እንደ ብር የሚያብለጨልጩ ነጠብጣቦች ካየህ ግን የፒስተንህ ብናኝ ናቸውና እዚያው አቁም።

ጆሮ ጥርጣሬን ይሰጣል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ፍርዱ ልኬት ነው። ስለዚህ ለመካኒክህ እንዲህ በለው፤ «ጋሼ፣ ክራንኩን ከመንካታችን በፊት ቴስታታውንና ሲሊንደሩን ብቻ እናንሣና አብረን እንለካ።» ጥሩ መካኒክ በዚህ አይቀየምም፤ እንዲያውም ደንበኛው እንደገባው ስለሚያውቅ ደስ ይለዋል። «አንተ ምን ታውቃለህ» ብሎ የሚቆጣህ ከሆነ ግን በአክብሮት አመስግነህ ሞተርህን ግፋ።

ሲሊንደሩ ሲነሣ ሁለት ነገር ታያለህ። አንደኛው የቢየላው ነው። ፒስተኑ ከላዩ እንደ ወጣ ቢየላውን ይዘህ ቀጥ አድርገህ ወደ ላይና ወደ ታች ሳበው። ቅንጣት ታህል ልቅነት ሊኖረው አይገባም፤ ካለው ክራንኩ ይወርዳል፣ ክርክር የለውም። ወደ ጎን ግን ትንሽ ይወዛወዛል፤ ያ ተፈጥሮው ነው። እዚህ ላይ ንቃ! ብዙ ጤነኛ ክራንክ የሚወርደው አንድ ሰው ቢየላውን ወደ ጎን እያወዛወዘ «አየኸው? አልቋል» ሲል ነው። የዲቲ ክራንክ በፕሬስ ተጨምቆ የሚገጠም፣ በመቶኛ ሚሊሜትር የሚስተካከል ዕቃ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ከተነካ እንደ ድሮው ላይመለስ ይችላል።

ሁለተኛው ክፍተቱ ነው። የዲቲ 125 ሲሊንደር ስፋት ከፋብሪካ ሲወጣ 56 ሚሊሜትር ነው። የሲሊንደሩ ውስጥ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ይለካል። ፒስተኑ ደግሞ ከቀሚሱ ጫፍ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከስፒኖቶው አቅጣጫ በተሻገረ መስመር ይለካል። በአዲስ ሞተር ልዩነቱ ከ0.04 እስከ 0.05 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ወደ 0.1 ከተጠጋ ግድግዳው ተፍቆ የሚቀጥለው መጠን ፒስተን ከነፋሻው ይገባል። በየ0.25 ሚሊሜትር የሚያድጉ፣ 56.25፣ 56.50 እያሉ የሚሄዱ ፒስተኖች አሉ። ፒስተንህ አናት ላይ የተጻፈ ቁጥር ካለ ከአንተ በፊት ስንት ጊዜ እንደ ተፋቀ ይነግርሃል። ዋናው ነገር ፒስተኑ ከመገዛቱ በፊት ሲሊንደሩ አይፋቅ፤ የሚፋቀው በተገዛው ፒስተን ልክ ነው።

ኮምፕሬሽን በመለኪያ ካስለካህ ደግሞ የአዲስ አበባን ነገር አትርሳ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። መለኪያውም በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ያነባል። በመመሪያ መጽሐፉ 120 የተባለ ሞተር እዚህ 90 ቢያሳይ ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይቶ «ፋሻው አልቋል» የሚልህን ሰው «ጋሼ፣ ከፍታውን አስበኸዋል?» በለው።

ይኸው ከፍታ ሌላም ተንኮል አለው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ አንዳንድ መካኒክ ካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ባለቀዳዳ ናስ በትንሽ ይቀይራታል። አዲስ አበባ ውስጥ ሞተሯ ትፈጥናለች፣ ጭሷም ይቀንሳል። ወደ አዳማ ስትወርድ ግን 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ትደርሳለህ። አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ ይግልና በሙሉ ፍጥነት ላይ ሳለህ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ነክሶ ይቆማል። ቆላ የምትወርድ ከሆነ ናሷን ወደ ፋብሪካ ልኳ መልሳት።

ጭሱ አስጠላኝ ብለህ ዘይት የምትቀንስ ከሆነም ተው። ዲቲዎች ዘይቱን በራሷ የምትመጥን ፓምፕ አላቸው፤ ያማሃ ይህን ዘዴ ያመጣው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። ፓምፗ ብትኖርም መሥራቷን አረጋግጥ። የዘይት ማጠራቀሚያው ከቤንዚኑ ጋር እየጎደለ መሄድ አለበት። ዘይቱ ባለበት ከቆመ ፓምፗ ሞታለች፣ ሞተርህም ይከተላታል። ፓምፗ ተነቅላ በእጅ የሚደባለቅ ከሆነ ደግሞ በዓይን ግምት አይሆንም። በ1 ሊትር ቤንዚን 50 ሚሊሊትር ማለት ሃያ ለአንድ ነው፤ 40 ሚሊሊትር ማለት ሃያ አምስት ለአንድ። የሞዴልህ መጽሐፍ የሚለውን ያዝ፣ የሁለት ምት ዘይት ብቻ ተጠቀም።

እንግዲህ ወንድሜ፣ በደብዳቤህ እንደ ነገርከኝ ከሆነ ድምፅህ ከላይ ነው፣ ጠዋት ነው፣ ሲሞቅ ይቀንሳል፣ ጉልበቷም አለ። ይህ የክራንክ ታሪክ አይመስልም። በመጀመሪያ የብረቶቹን ጎማ እይ፤ ወጪ የለውም። ቀጥሎ ሲሊንደሩን አስነሥተህ አስለካ። ቢየላው ካልላላ ፒስተን፣ ፋሻ፣ ስፒኖቶ ከነኩሽኔታዋ፣ ጓርኒሲዮንና ማስፋቂያ ብቻ ነው የምትከፍለው። ክፍተቱ ገና ከ0.1 በታች ከሆነ ደግሞ መልሰህ ግጠማትና በየወሩ ዕቁብህን እየጣልክ ለፒስተኑ አጠራቅም፤ ጠዋት ሳታሞቃት ግን አታስሩጣት። ለእኅትህ ስትደውል ሰላምታህን ብቻ ንገራት።

ለሌሎቻችሁ፣ አሮጌ ሁለት ምት ሞተር ለመግዛት ለምታስቡ፣ አንድ ምክር ልጨምር። ሻጩ ጋ ስትደርሱ ከሁሉ በፊት እጃችሁን ሲሊንደሩ ላይ አድርጉ። ሞቅ ካለ «ምነው፣ ቀድመህ አስነሣኻት?» በሉት። የሞቀ ሞተር የፒስተኑን ድምፅ ይደብቃል። ሻይ ጠጡ፣ ተጨዋወቱ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ ወይም ነገ ማለዳ ሳይነካት እመጣለሁ በሉት። ከዚያ እጀታውን ሙሉ ከፍታችሁ፣ እሳቱን ሳታበሩ፣ የማስነሻውን መርገጫ በዝግታ ርገጡት። ጤነኛ ሞተር ክብደታችሁን ለአፍታ ተሸክሞ ይገዳደራል፤ ያረጀው ግን እንደ ለምለም ሣር ዝም ብሎ ይተኛል። ሻጩ «አትጠራጠሩኝ» እያለ ቢምል ቢገዘት አትስሙት። የቀዘቀዘ ሞተር አይዋሽም።

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር እንሰንብት።